የኒካኖር ወንበር

በባሕር ዳርቻዋ ከተማ በፑንታ ሳላዳ ሰው ሁለት ጊዜ ይሸኛል፤ አንዴ በመቃብር፣ አንዴ በስታዲየም። የቤዝቦል ቡድኑ ደጋፊ የነበረ ሰው ሲሞት ባርኔጣው በጥቁር ጥብጣብ ከወንበሩ ላይ ይታሰራል። እስከ ሙት ዓመቱ ድረስ፣ ጨዋታው የዋንጫ ቢሆን እንኳ፣ ማንም አይቀመጥበትም። ሙት ዓመቱ የዋለ ዕለት ባልቴቲቱ ጥብጣቡን ቆርጣ ባርኔጣውን በወራሹ ራስ ላይ ትደፋለች። ወራሹ ይቀመጣል፤ ሕዝቡ ተነሥቶ ያጨበጭባል። በማግስቱ እሷ ከሏን ታወልቃለች። ወንበሩ ሳይወረስ ከል ያወለቀች ሴት በዚያች ከተማ ታይታ አታውቅም። ቄሱም ቢሆኑ በዚህ ነገር ጣልቃ አይገቡም።

ኤርሲሊያ ፖላንኮ ከሏን የለበሰችው ለባሏ ለኒካኖር ነው። ሁለቱም በጨው ማድረቂያው ሠርተው ያረጁ ሰዎች ነበሩ፤ የእጃቸው መዳፍ ጨው በልቶት እንደ ዓሣ ቅርፊት ሻክሯል። አመሻሽ ላይ ግን እነዚያ እጆች ሌላ ሥራ ነበራቸው። በስታዲየሙ፣ ሦስተኛው ቤዝ በሚባለው የሜዳው ማዕዘን በኩል፣ ጣራ በሌለው የወንበር መደዳ ላይ፣ ኒካኖር ጉዊራ የሚባለውን የብረት የዜማ መሣሪያ እየፋቀ ያንሿሿል፣ ኤርሲሊያ ግጥም ታወርዳለች። መቺው ዱላውን ይዞ ሲወጣ ስሙን አንሥታ ታሞግሰዋለች፤ ኳሷን ስቶ ሲመለስ ደግሞ እናቱ እንኳ የማታስበውን ስድብ በዜማ ታለብሰዋለች። ተጫዋቾቹ ወደ እሷ ዞረው ባርኔጣቸውን ያነሡ ነበር። ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ድምፅዋን ተቀብሎ እስከ ጀልባዎቹ ያደርሰዋል።

ኒካኖር የሞተው በኅዳር፣ አልጋው ላይ ሆኖ የቡድኑን ሽንፈት በሬዲዮ ሲሰማ ነው። ከመሞቱ በፊት አንድ ቃል ብቻ ተናገረ። ወንበሬን ለፋውስቶ አለ።

ፋውስቶ ሌብሮን የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ የልጃቸው ክርስትና አባት፣ የኒካኖር የልብ ወዳጅ። ድምፁ ከመኪናው ጥሩምባ ይበልጣል ይባላል። በሰፈሩ ሱቅ ደጃፍ፣ ዶሚኖ በሚጫወቱበት ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ክርክሩን የሚጀምረውም የሚያሳርገውም እሱ ነው። በዚያ ዓመት ክርክሩ አንድ ብቻ ነበር። የቡድኑ ባለቤት ዶን ሬናልዶ ኦቫዬ፣ የጨው ሠራተኛ ልጅ የሆነውን ግራኝ ኳስ ወርዋሪ ዊልኪንን፣ ለሌላ ቡድን ሸጦት ነበር። በሬዲዮ ቀርቦ አሁን ገንዘብ የሚወጣበት ጊዜ አይደለም፣ ቡድኑን በወጣቶች እንደገና እየገነባን ነው አለ።

«አምስት ዓመት ሙሉ እየገነባሁ ነው ይለናል» አለ ፋውስቶ። «ካቴድራል ቢሆን እንኳ ይሄኔ ደወሉ ተደውሎ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ማንም ስታዲየም አይግባ። ኪሱ ሲደርቅ ወርዋሪ ይገዛል።»

መድኃኒት ቤት ያላቸው ዶን አንሴልሞ ዶሚኗቸውን እያገላበጡ ሳቁ። «አንተ የገዛ ጎማህን ሳትቀይር ሰው ገንዘብ ያውጣ ትላለህ። ስማ ልጄ፣ ነጋዴ ገንዘቡን የሚያፈሰው ሰው ባለበት ነው። ወንበሩ ባዶ ከሆነ ቡድኑን ጭኖ ይሄዳል።»

«ጨው ነው እንዴ በጆንያ የሚጫነው?»

ሁሉም ሳቀ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን ወደ ኤርሲሊያ መለሱ፤ በዚያ ሰፈር ክርክር የሚፈረደው በግጥም ነውና። በልቧ የደገፈችው የዶን አንሴልሞን ነገር ነበር። ግን ግጥም እንደ ማስነጠስ ነው፤ ከመጣ አይመለስም። የዊልኪን እናት ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ዓይኗን ስትጠርግ አየችና አንደበቷ ቀደማት፦

«ልጃችንን ሸጦ፣ ልጅ ላሳድግ ካለ፣
ወንበሩን ያሳድግ፣ ቤታችን ተሻለ።»

ጠረጴዛው በቡጢ ተደበደበ። ዶን አንሴልሞ ብቻ ቀና ብለው አይተዋት ዶሚኗቸውን ማገላበጥ ቀጠሉ። ሳምንት ሳይሞላ ግጥሙን ዓሣ አጥማጁ መረቡን ሲጎትት፣ ልጃገረዶች ገመድ ሲዘሉ ያዜሙት ጀመር። ስታዲየሙ ጥርሱ እንደረገፈ አፍ ባዶ ሆነ። ኤርሲሊያም ቤቷ ቀረች፤ ሕዝቡን አስቀርታ እሷ በየት በኩል ትግባ?

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ፋውስቶን ሚኒባሱ ድረስ ሄዳ ለመነችው። ለአንድ ቀን ብቻ፣ ለአንድ ዙር ብቻ ገብተህ ተቀመጥ አለችው። እሱ መሪውን እንደጨበጠ ግጥሙ ያንቺ ነው አበልጄ አላት፤ ሞተሩንም አስነሣ። ሐሳቡን ይለውጥ ይሆናል ብላ ተስፋ አደረገች።

ዕለቱ ደረሰ። ቀሚሷን ተኩሳ፣ ጥብጣቡን የምትቆርጥበትን መቀስ በቦርሳዋ ይዛ ሄደች። በሩ ላይ የፋውስቶ ሰዎች ተሰልፈው በሚገባው ሁሉ ላይ ግጥሙን ይዘፍናሉ። አንድ አባት ልጁን አቅፎ ሊገባ ሲል «ቤታችን ተሻለ» እያሉ ሲከቡት፣ አንገቱን ደፍቶ ሲመለስ አየች። የገዛ ቃሏ እንደ ዱላ ሲያገለግል ያን ቀን ነው ያየችው። እሷን ሲያዩ ዝም አሉ። የማታውቃት አንዲት ወጣት ግን ከኋላ በኩል ዜማውን መልሳ አነሣችው፤ ጥቁር ልብሷን አየች እንጂ የግጥሙ ባለቤት መሆኗን አላወቀችም።

ኤርሲሊያ ፋውስቶ ፊት ለፊት ቆመች። «ወንበሩ ያንተ ነው። ግባና ተቀመጥ፣ አበልጄ።»

ፋውስቶ ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ያሸው ጀመር። «ዛሬ እኔ ከገባሁ ነገ ሁሉም ይገባል። ይሄ ሰውዬ ሊንበረከክ ምንም አልቀረውም። ለከርሞ ዊልኪንን ይመልሳል፤ ያኔ አንድ ሰው ሳይቀር ተከትሎሽ ይገባል። ለኒካኖር ሁለት ሦስት ሰው ያጨብጭብለት? እሱ የሚገባው ከተማው ሁሉ ነው።»

«ከርሞን ማን አየው?»

ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። ዶን አንሴልሞ ክርኗን ይዘው እኔ ልቀመጥለት ወይ ብለው በጆሮዋ ጠየቋት። «ኒካኖር ለፋውስቶ ነው ያለው» አለቻቸው። ከውስጥ የድምፅ ማጉያው የመቺውን ስም ለባዶ ወንበሮች ሲጠራ ይሰማል። ዱላ ኳስን ሲመታ ተሰማ፤ ያጨበጨበ አልነበረም። መቀሷን እንደያዘች በጨው ማድረቂያው በኩል ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ከርሞ አልመጣም። ዶን ሬናልዶ በሬዲዮ ቀርቦ ቡድኑን በስተምሥራቅ ላለች የቱሪስት ከተማ መሸጡን ተናገረ። ይቅርታ አልጠየቀም። ተመልካች በሌለበት ቡድን አይኖርም አለ፤ ከዚያም ሕዝቡ ራሱ ቤታችን ተሻለ ብሎ ዘፍኗል ሲል ጨመረ። ኤርሲሊያ ሬዲዮውን አላጠፋችውም። የተቀደደ ከረጢት እየሰፋች እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ቀን ወዲያ በሱቁ ደጃፍ ግጥም ሲጠይቋት አለቀ ትላለች።

ስታዲየሙ በሰንሰለት ተቆለፈ። አንድ እሑድ ፋውስቶን ደጃፏ ላይ ቆሞ አገኘችው፤ ብረት መቁረጫ ይዟል። ያ ከጥሩምባ የሚበልጥ ድምፅ ሟሙቷል።

«ሰንሰለቱን ልቁረጠው» አላት። «ባርኔጣውን ላምጣልሽ። ሁለታችን እንገባለን፣ እቀመጣለሁ።»

አየችው። እሱም አርጅቷል።

«ብትቀመጥስ» አለችው፣ «ማን ተነሥቶ ያጨበጭብልሃል?»

ቡና አፍልታ አጠጣችው፤ ጠጥቶ፣ ብረት መቁረጫውን ይዞ ሄደ።

አሁንም በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በስታዲየሙ አጥር በኩል ታልፋለች። በሽቦው ቀዳዳ፣ በሦስተኛው ቤዝ በኩል፣ ባርኔጣው ይታያል። ፀሐይና ጨው አንጥተውታል፤ ጥብጣቡም ነጥቷል። ጥቁር ሆኖ የቀረው ቀሚሷ ብቻ ነው።