ቪዲዮ በጆሮ

ቀነኒ አሶሳ ከተማ ፊልምና መዝሙር በፍላሽ የምትጭንበት ሱቅ አላት። ይህን ሰውዬ ገና ሲገባ አልወደደችውም። ሸሚዙ የተተኮሰ ነው፤ የመሥሪያ ቤት ባጁን ግን ስሙ እንዳይነበብ ገልብጦታል። የሚፈልገውም ፊልም ሳይሆን፣ በኮምፒውተሩ ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ እየጻፉ ማሽኑን ማሠራት የሚያስተምር ቪዲዮ ነው። ሃከር ይሆን እንዴ?

ያሏትን ትምህርቶች ከፈተችለት። እሱ እቴ! ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ወደ ስፒከሩ ያስጠጋል።

«ይሄ ይቅር፤ ‹እዚህ ጋ እንደምታዩት› ያበዛል። እያንዳንዱን ፊደል በአፉ የሚጠራውን ጫኚልኝ።»

ቪዲዮ ገዝቶ የማያይ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ቀነኒ መሳቢያዋን ቆለፈች። ዓይኑን ሲገልጥማ ባሰ፤ ደጅ ያለውን የማንጎ ዛፍ፣ ግድግዳውን፣ በመጨረሻም እሷኑ ትክ ብሎ ያያል።

«ምን ያስፈጥጥሃል?» አለችው ሻሿን እየሳበች።

«ይቅርታ እህቴ፤ ዓይኔ ሳይከዳኝ አይቼ ልጥገብ ብዬ ነው።» የተገለበጠውን ባጅ ነካ አደረገ። «ሥራ ቦታ ገና አልሰሙም፤ ሳላይ በትእዛዝ መሥራት እስክለምድ እንዲሰሙም አልፈልግም።»

ቀነኒ የመረጠውን ጭና ፍላሹን በእጁ አስያዘችው። ሰውዬው ፍላሹን ኪሱ ከተተና፣ በዚያ ሁሉ ፀሐይ፣ ደረጃዋን በጫማው ጫፍ እየዳሰሰ ወረደ።