ጨርቁ ያነሰኝ ጊዜ

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ! ሁልጊዜ እዚህ የምቆመው ልዘምር ነው። ዛሬ ግን የደበቅኋችሁን ነገር ልናገር፣ ጌታም ያደረገልኝን ልመሰክር ወጥቻለሁ። እባካችሁ ታገሡኝ።

እንደምታውቁት የምሠራው እዚሁ ከተማችን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ነው። ከማሽን የወጣውን ብርድ ልብስ እየዘረጋሁ ጉድለት እፈልጋለሁ። ቀኑን ሙሉ የብርድ ልብስ ጉድለት ስፈልግ ውዬ፣ ማታ መስታወት ፊት ቆሜ የራሴን እፈልግ ነበር። እሱን ለማግኘት ደግሞ ብዙም አልደክምም ነበር! አልወለድኩም፤ ሆዴ ግን የሦስት ልጆች እናት ያስመስለኛል።

ለመዘምራን አዲስ ልብስ ሲሰፋ ልብስ ሰፊው ወገቤን ለካና «እህቴ፣ ላንቺ የመጣው ጨርቅ አይበቃም» አለ። ክፋት አልነበረውም፣ እውነቱን ነው። መዘምራኑ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ስብ በቀዶ ጥገና ማስወጣት የሚባለው ነገር ልቤ ገባ። አዲስ አበባ ሄድኩ። ሐኪሙ ምንም አልደበቀኝም። «ይህ ክብደት መቀነሻ አይደለም። ደም ሊፈስሽ፣ ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል። እግር ውስጥ ደም ረግቶ ወደ ሳንባ ከሄደ ደግሞ ይገድላል» አለኝ። እኔ በሐሳቤ ልብስ ሰፊው ቤት ነበርኩ። ወረቀቱን ሳላነብ ፈረምኩ፤ የሆዴንም ስብ አወጡልኝ።

ለእናንተስ ስሄድ ምን ብያችሁ ነበር? «ለሦስት ቀን ጾም ጸሎት ልሄድ ነው።» ጌታ ይቅር ይበለኝ!

ሐኪሙ «ቶሎ ቶሎ እየተነሣሽ ተራመጂ፣ ለጊዜው ረጅም መንገድ አትሂጂ» ብሎኝ ነበር። ከሦስት ቀን ካለፍኩ ውሸቴ ይታወቃል ብዬ፣ ሆዴ ቁስሉ ላይ በጠባብ መታጠቂያ እንደታሰረ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከኋላ ወንበር ጥግ ሳልንቀሳቀስ ደብረ ብርሃን ደረስኩ።

በማግሥቱ ደረቴን ወጋኝ፣ ትንፋሽ አጠረኝ፣ አንድ እግሬም አበጠ። እናቴ ከእነዋሪ ከተማ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበርና «የደብረ ብርሃን ብርድ ነው» ብላ ብርድ ልብስ ደራረበችብኝ። እናንተም መጣችሁ። አልጋዬን ከብባችሁ «ጌታ ሆይ፣ በጾም የደከመችውን እህታችንን አበርታት» ብላችሁ ጸለያችሁ። እኔም ሳላፍር «አሜን!» አልኩ።

ሲብስብኝ እናቴና የመዘምራን መሪያችን እህት ታደለች በባጃጅ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ዶክተሩ «በቅርቡ ቀዶ ጥገና አድርገሻል?» አለኝ። እህት ታደለች አጠገቤ ቆማለች።

«ኧረ በፍጹም!» አልኩ።

እናቴም ቀበል አድርጋ «ጾም ላይ ነበረች እኮ፣ ዶክተር» አለች። እሱም «ሳንባ ምች ሳይሆን አይቀርም» ብሎ መድኃኒት መጻፍ ጀመረ።

ያኔ፣ ወገኖቼ፣ «ለማን ብለሽ ነው የምትሞቺው?» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ድምፅ ሰማሁ አልልም፤ በውሸቴ ላይ ሌላ ውሸት አልጨምርም! ግን ዕድሜዬን ሙሉ ጌታን ሳይሆን ሰውን ስፈራ እንደኖርኩ ገባኝ።

«ዶክተር፣ ዋሽቻለሁ!» ብዬ ልብሴን ገልጬ መታጠቂያውን አሳየሁት።

እስክሪብቶውን ጥሎ ተነሣ። ሲመረምሩኝ ሳንባዬ ውስጥ ደም ረግቷል። ወዲያው ደም የሚያቀጥን መርፌ ጀመሩልኝ። «ይህን ባትነግሪኝ፣ ሌላ በሽታ ሳክም ትሞቺብኝ ነበር» አለኝ። ሃሌ ሉያ! ጌታ በሐኪም እጅ አዳነኝ፤ አፌን የከፈተው ግን እሱ ራሱ ነው!

እህት ታደለች አልተቆጣችኝም። እጄን ይዛ «እኔም ያን ቀን ስቄብሻለሁ» ብላ አለቀሰች። እናቴ ግን እናቴ ናት፤ «ምነው ልጄ፣ ጨርቅ ቢያንስ ጨርቅ ይጨመራል እንጂ ገላ ይቀነሳል?» አለችኝ።

ሕክምናን ለመኮነን አልቆምኩም። የተነገረኝን የናቅሁት እኔ ነኝ። ስለምዘምር ብቻ የዳንኩ ይመስለኝ ነበር። ሳልሸፋፍን «ጌታ ሆይ» ያልኩት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ አልጋ ላይ ነው፤ እሱም እንዳለሁ ተቀበለኝ።

ይኸው ዛሬ በእግሬ ቆሜ፣ እንደ ልቤ እተነፍሳለሁ። ክብር ለስሙ ይሁን! ከመካከላችን የሚደብቀው ነገር የከበደው ካለ፣ ጌታን እመነው። እሱ እንደሆነ ቀድሞም ያውቀዋል፤ አውቆም አልጣለህም።

የመዘምራን ልብሴ ላይ ደግሞ፣ ልብስ ሰፊው ግራና ቀኝ ከጎኑ ቁራጭ ጨመረበት። ቀለሙ ትንሽ ይለያል። ከኋላ ያላችሁ ላይታያችሁ ይችላል፤ እጄን አንሥቼ ስዘምር እዩት።