በግንባሩ የተደፋው ተራራ

ሻኦ ቲንግ በሰባት ዓመቱ ከረሃብ የተረፈው ሙጫ በልቶ ነው። የሱጆ ከተማ ሰው የዛፍ ልጣጭ በሚቀቅልበት ዓመት እናትና አባቱ በአንድ ሳምንት አለቁበት፤ እሱም ስዕል በወረቀት እየደረበ የሚያጸና አንድ ባለሙያ ደጅ ላይ ወደቀ። የስንዴ ሙጫ በገንቦ አየና እጁን ነከረ። ነፍሳት እንዳይበሉት ቅመም ገብቶበት ስለነበር አፉን አቃጠለው፤ ልጁ ግን አላቆመም። ባለሙያው ደረሰበት።

"ሙጫዬን ከበላህ ሥራውንም ትሠራታለህ" አለው።

ሠራት። በሃያ ስድስት ዓመቱ የራሱን ሱቅ ከፈተ። በዚያው ዓመት ሉ ዪቹዋን የሚባል የተማረ ደንበኛው ሹመቱን ጥሎ ተራራ ሲገባ ስዕል ሰጠው። በጭጋግ መሃል ሁለት የተደጋገፉ ቋጥኞች፣ ከሥራቸው አንድ ጎጆ፣ ጎጆው ውስጥ የሚያነብ ሰው፣ ድልድዩ ላይ ደግሞ በትር የያዘ ትንሽ ሰውዬ ይታይበታል።

"የማነበው እኔ ነኝ፤ ድልድዩ ላይ ያለኸው አንተ ነህ። ሥራህን ስትጨርስ ና" አለው ሉ።

ሥራ መች ያልቃል? ስዕሉ ሱቁ ግድግዳ ላይ ሠላሳ ዓመት ተሰቀለ። ሻኦ የገባውን ሁሉ እየጎተተ "እኔ ነኝ እኮ!" ይላል። ሚስቱ ፓን ደግሞ ትስቅበታለች።

"አንድ ድልድይ በሠላሳ ዓመት! ቀንድ አውጣ እንኳ ይሄኔ ደርሶ ተመልሷል፣ አንተ ሰውዬ።"

ከዚያ አዲሱ መንግሥት መጣ። ወንድ ሁሉ ግንባሩን ይላጭ፣ የኋላውን ይጎንጉን፣ እምቢ ያለ አንገቱ ይቀላል ተባለ። ሻኦ ተላጨ። ሉ ግን አሻፈረኝ ብሎ ተሸሽጓል መባሉን ሰማ።

አንድ ቀን ጠዋት ያልተላጩትን የሚያድን ጋኦ የሚባል ሹም ሱቁ ገብቶ ስዕሉ ፊት ቆመ።

"ይሄ ቦታ የእውነት አለ?"

"እንዴታ! ድልድዩ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ" አለ ሻኦ፤ የሠላሳ ዓመት ልማድ ነው። ቃሉ ካፉ እንደወጣ ክው አለ።

"ታዲያ የሚያነበው ማነው? ስሙና የቦታው ስም እዚህ ተጽፏል፤ ጭስ ሸፍኖታል። አጥበህ አንብብልኝ።"

"ቀን ይፈጃል፣ ጌታዬ።"

"ቀን አለኝ። ሻይ አምጪ!" ብሎ ፓንን አዞ ሹሙ ተቀመጠ።

ስዕል ሲታደስ በግንባሩ ተደፍቶ በውኃ ይርሳል፤ የጀርባው ወረቀት በጣት እየተሻሸ ይላጣል። የሚታየው ነጭ ጀርባ ብቻ ነው። ሻኦ የመጀመሪያውን ንጣፍ ላጠ። ሁለተኛውን ላጠ። ሦስተኛው ጀርባ አይደለም፤ ራሱ ስዕሉ ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ እጁ ደፍሮት አያውቅም።

"ምነው ቆምህ፣ ሽማግሌ?" አለ ጋኦ።

"እርጅና ነው፣ ጌታዬ።"

ጣቱን አሳረፈ። ጽሑፉ ሄደ፤ ቋጥኞቹ ሄዱ፤ ጎጆው ሄደ። ፓን ከጣቱ ሥር የሚንከባለለው የወረቀት እንክብል በስዕሉ ቀለም መጥቆሩን አየች። የሻይ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ በሹሙና በጠረጴዛው መካከል ቆመች። መጨረሻ ላይ ድልድዩ ቀረ። ሻኦ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱንም ላጠ።

ስዕሉ ሲገለበጥ የተረፈው ጭጋጉ ብቻ ነበር።

"ወረቀቱ በስብሶ ኖሯል፣ ጌታዬ።"

ጋኦ አላመነውም። የሻኦን ጣቶች በእንጨት መጭመቂያ አስሰበራቸው። ሻኦ ግን ቦታውን አልተናገረም። ሲለቁት ሥራው በእርግጥ አልቆ ነበር፤ በዚያ እጅ ወረቀት አይያዝም። ስለዚህ በወሩ ወደ ተራራው ሄደ፤ ድልድዩንም ተሻገረ።

በሩን የከፈተው ሉ ግንባሩ ተላጭቷል፤ ከኋላው ቀጭን ሽበታም ጉንጉን ተንጠልጥሏል።

"ከተላጨሁ ሁለት ወር ሆነኝ" አለ ሉ፣ መሬት መሬት እያየ። "ሩዝ አለቀብኝ። ገበያ ልውረድ ብል በዚያ ጠጉር እንዴት ልውረድ? ... ስዕሉስ አለ፣ ወንድሜ?"

ሻኦ ጣቶቹን እጅጌው ውስጥ ሸሸገ።

"አለ፣ ጌታዬ" አለ።

ሉ በዚያው ክረምት ሞተ። ሻኦ ከሱ በኋላ ዐሥር ዓመት ቆየ፤ ፓን ታጎርሰዋለች። ስዕሉን በከንቱ ነው ያጠፋኸው የሚለው ሰው አልጠፋም። አንድ ጊዜ ብቻ መለሰ፦

"ሉ መላጨቱን ባውቅም አጠፋው ነበር ብዬ አልዋሽም። አላውቅም ነበር። ሰው ይሞትብኛል ብዬ ፈራሁና ያለኝን አንድ ነገር በገዛ እጄ ላጥሁት። በዕድሜዬ የረባ ነገር ሠራሁ ካላችሁኝ፣ ያቺን አንዲት ቀን ነው የሠራሁት።"