ሙዳዬ በሦስት መብራት ፊት

ልጄ አዲስ አበባ ፊዚክስ ትማራለች። የመመረቂያ ሥራዋ በሌዘር መብራት መስታወት ላይ ሥዕል ማንሳት እንደሆነ በስልክ ነገረችኝ። ሆሎግራም ይባላል። መስታወቱ ዝርግ ነው፤ ዕቃው ግን ከኋላው የተቀመጠ ይመስላል፤ ጎንበስ ብለው ሲያዩት ጎኑን ያሳያል። ከዚህ ሁሉ የገባኝ መብራቱ ዓይን ላይ ካረፈ እንደሚጎዳ ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በደወለች ቁጥር ከሰላምታ በፊት «መነጽርሽን አድርገሻል?» እላታለሁ። አንድ ቀን «እማዬ፣ ካፌ ነው ያለሁት» አለችኝ። «ቢሆንም» አልኳት።

ለገና እኛ ጋ ሞላሌ ስትመጣ የምታነሳው ዕቃ አጥታ ቤቱን ስታስስ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሙዳይ አየች። ሳላገባ የሰፋሁት ነው። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ወይን ጠጅ የተነከረ አለላ አለበት። ወይን ጠጁ ቀለም አክርማው ሣር ላይ አልይዝ ብሎኝ ደጋግሜ ነክሬዋለሁ፤ እናቴ እንኳ ተይው ብላኝ ነበር። ራሴ አውርጄ አሳየኋት፤ እንዳይወድቅ ብዬ ግን ከእጄ አላወጣሁትም።

«ይኼን ነው የማነሳው» አለች። «ብዙ ቀለም አለው። ደግሞ አይነቃነቅም።»

አባቷ የሱፍ ባናውን ተከናንቦ ከጥግ ተቀምጦ ነበር። «እኔስ መቼ ተነቃነቅሁ? እኔን አታነሽኝም?» አላት።

«አባዬ፣ አንተ ታስላለህ።»

ማታ እሳት ዳር ሆነን የሚያስጨንቃትን ነገረችኝ። የፀሐይ ብርሃን ሁሉም ቀለም አለው፤ እሷ ግን ያላት ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሌዘር ብቻ ነው። የቀረውን ቀለም ዓይን ራሱ ከሦስቱ ቀላቅሎ ያየዋል። ስለዚህ ሦስቱን በደንብ መምረጥ ያስፈልጋል።

«ቀይ ያው ቀይ አይደለም እንዴ?» አልኳት።

«አይደለም። ብርሃን ሞገድ ነው፤ ሞገዱ ደግሞ ርዝመት አለው። አንደኛው ቀያችን ስድስት መቶ ሠላሳ ሦስት ናኖሜትር ነው፣ ሌላኛው ስድስት መቶ ስልሳ።»

«ስልሳውን ውሰጂ።»

«ለምን?»

«ይበልጣላ።»

ሳቀች። ሞገዱ በረዘመ ቁጥር ቀዩ እየጠቆረ እንደሚሄድና ዓይን እሱን አጥርቶ እንደማያይ አስረዳችኝ።

«የማይታይ ቀይ ምን ያደርጋል?»

«ለዚህ እኮ ነው አጭሩን የምወስደው። የከበደኝ ሰማያዊው ነው፤ እሱም ሁለት ዓይነት አለን። ፈዘዝ ያለው ብርቱ ነው፣ ሥዕሉን ቶሎ ያነሳል፤ ግን ወይን ጠጅሽን ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል። ጠቆር ያለው ወይን ጠጁን ያወጣዋል፤ ግን አቅም ስለሌለው ብዙ መቆየት አለበት። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሙዳዩ ከፀጉር ስንጣቂ ባነሰ እንኳ ከተንቀሳቀሰ ሥዕሉ ጥቁር ይሆናል።»

ወይን ጠጁን ለማውጣት ምን ያህል እንደደከምኩ አንድ በአንድ ነገርኳት። ሰምታ ስታበቃ «በቃ፣ ጠቆር ያለውን እወስዳለሁ» አለች።

በእኛ አገር ዕቃ ባዶውን ከቤት አይወጣም። ጎረቤት ሳህን ስትመልስ እንኳ ጥቂት ነገር ጣል ታደርግበታለች። ባዶ ሙዳይ አዲስ አበባ ድረስ፣ ያውም መምህራን ፊት መላክ ልጄን ያለ ጫማ ከመስደድ አይሻልም። ስለዚህ እሷ ሳታይ የገብስ ቆሎ ሞላሁበት። እንዳይንኳኳ ጢም አድርጌ፣ ክዳኑን በደንብ ተጭኜ በክር ሰፋሁትና በነጠላ ጠቅልዬ ሰጠኋት። ስታገኘው ደስ ይላታል ብዬ አልነገርኳትም።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ደወለች።

«መነጽርሽን...»

«አድርጌያለሁ። እማዬ፣ ጥቁር ሆነ።»

ደግማ ብታነሳውም ያው ጥቁር ነው። የቀራት አንድ መስታወት ብቻ ነው። «አመራረጤ ነው የተበላሸው። ወይን ጠጅሽን ልተወውና በፈዛዛው ልሞክር ነው። እሱም እምቢ ካለ ዘንድሮ አልመረቅም» አለችኝ።

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ባለቤቴ መናኸሪያ ድረስ እየሸኘኝ «ሄደሽ ምን ልትሠሪ ነው?» አለኝ።

«ልጠብቃት።»

«ከምን?»

«ከመብራቱ።»

የሚሠሩበት ክፍል መስኮት የለውም። ጠረጴዛው በተነፋ የመኪና ጎማ ላይ ተቀምጧል፤ እንዳይነቃነቅ ነው አሉኝ። እኔ እስከማውቀው ጎማ ላይ የተቀመጠ ነገር ሁሉ ይሄዳል። ሙዳዬ ከታች በማጣበቂያ ብረት ላይ ተለጥፎ ቆሟል። የልጄ መምህር ወጣት ናቸው፤ ወንበር አቅርበው መነጽር ሰጡኝ። መነጽሩን አድርጌ ዓይኔንም ጨፈንኩ።

«እናቴ፣ ሌዘሩ ገና አልተከፈተም» አሉኝ።

«ግድ የለም።»

ልጄና መምህሯ ስለ ሰማያዊው ይነጋገራሉ። ልጄ «ይኼም ቢጠቁርስ?» ትላለች። ላጽናናት ብዬ፣ ዓይኔን እንደጨፈንኩ፣ ከዘንቢሌ ፌስታል አወጣሁ።

«ያኛው ቆሎ አልቆ ይሆናል ብዬ ሌላ ይዤልሽ መጣሁ።»

«የቱ ቆሎ?» አለች ልጄ።

«የሙዳዩ ነዋ።»

ዓይኔን ስገልጥ መምህሩ ሙዳዩን ከነብረቱ አንስተው ጆሯቸው አጠገብ ይነቀንቁታል። «ምንም አይሰማም» አሉ።

«እንዴት ይሰማል? ጢም አድርጌ እኮ ነው የሞላሁት» አልኩ፤ ሙያዬ እንዳይናቅ።

ልጄ ክብደቱ የስፌቱ፣ ክሩም ለመንገድ የታሰረ መስሏት ሳትከፍተው ኖራለች፤ ክሩን በጠሱት። ክዳኑ ገና ሳይነካ ተነሳ፤ ቆሎውም ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። መምህሩ ጥቂት ዘግነው እየቆረጠሙ አስረዱኝ። ፍሬው ቀስ እያለ ይረጋጋል፤ የታጨቀበት አክርማ ይለጠጣል፤ ክዳኑም ለዓይን በማይታይ ልክ ይነሳል። መብራቱ ብዙ በቆየ ቁጥር ጥፋቱ ይብሳል።

ልጄ መሬት ላይ ተቀምጣ ትስቃለች፤ እንባዋ ደግሞ ይወርዳል። «እማዬ፣ ስንት ቀን ሙሉ ያንን ምስኪን መብራት ስሰድብ ነው የከረምኩት።»

ሙዳዩን አራግፈው፣ ክዳኑንም አጣብቀው መልሰው አቆሙት። መስታወቱ ግን ያው አንድ ነው። መምህሩ «ምርጫው ያንቺ ነው» አሏት። እሷ ወደ እኔ ዞረች።

«ፈዛዛውን አድርጊ» አልኳት። «ወይን ጠጁ ይቅር። አንቺ ብቻ ተመረቂልኝ።»

ሄዳ ጠቆር ያለውን ሰማያዊ አበራች።

መናገርም መነቃነቅም ክልክል ነው ተባልኩ። ያን ያህል ጊዜ «ተጠንቀቂ» ሳልል ቆይቼ አላውቅም። ጉሮሮዬን ይበላኝ ጀመር፤ በሳሉ ሳይነሳ የቀረውን ባለቤቴን አስታወስኩና ሳሌን ዋጥኩት። ከሁሉ የከበደኝ ግን ሙዳዬ በሰው አገር፣ በሰው ፊት ባዶውን መቆሙ ነበር።

መብራቱ ጠፋ። መስታወቱን በመድኃኒት አጠቡት፣ አደረቁት። ልጄ ወደ ተራ አምፖል አስጠጋችው። መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ትንሽ ፈቀቅ ስል ሙዳዬ ከመስታወቱ ኋላ ቆሞ አገኘሁት። እጄን ከኋላ ሰድጄ ዳበስኩ፤ ምንም የለም። ጎንበስ አልኩ፤ ጎኑን አሳየኝ። ቀዩ ቀይ ነው፤ ቢጫው ቢጫ ነው።

«ወይን ጠጁስ?» አለች ልጄ።

«ራሱ ነው» አልኳት። «ያኔ ከነከርኩበት ማሰሮ ሳወጣው እንደነበረው።»

ልጄ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። መምህሩ «እንግዲህ ተመራቂ ሆነሻል» እያሉ ፌስታሉን ወደ ራሳቸው ሳቡት። እኔ ግን ከመስታወቱ አልተነሳሁም፤ ክዳኑን ቀረብ ብዬ አየሁት፣ ራቅ ብዬም አየሁት።

«መምህር» አልኳቸው፣ «ባዶ መሆኑ ያስታውቃል?»

አፋቸውን ቆሎ ሞልቶት ነበር። «አያስታውቅም፣ እናቴ» አሉኝ።