መርገጫውን ይዘን ሐኪም ዘንድ ሄድን

ታናሽ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው በእግር በምትረገጠው የስፌት መኪናዋ ነው። ዓምና ቀኝ ቁርጭምጭሚቷ በውስጥ በኩል ያብጥና ይጠዘጥዛት ጀመር። ስትቀመጥ መሃል እግሯ እንደ ማንም ሰው ጎድጎድ ያለ ነው። ስትቆም ግን ጎድጓዳው ይጠፋና እግሯ ወለሉ ላይ ልጥፍ ይላል። ሹፌሩ ባለቤቷ «ጎማሽ ተንፍሷል፤ ጎሚስታ ጋ ልውሰድሽ?» እያለ ያሾፍባታል።

ጫማ ውስጥ የሚገባው ድጋፍ አልረዳትምና ኦፕራሲዮን ተባለ። አንዱ ሐኪም የተረከዙን አጥንት ቆርጦ ወደ ውስጥ ገፋ በማድረግ በብሎን ማሰር፣ የደከመውንም ጅማት በሌላ ጅማት መተካት አለ። ሌላው ከቁርጭምጭሚት በታች ያለውን መገጣጠሚያ አጣብቄ እገላግልዎታለሁ አላት። ጎረቤታችን ደግሞ አጥንቶቹ መሃል የምትሸጎጥ ትንሽ ብረት አለች ብላ መጣች። ለእኔ ሁሉም ልክ መሰለኝ።

«እትዬ፣ ከተጣበቀ መርገጫውን በምን ልረግጠው ነው?» አለችኝ። ጭንቋ ይኸው ነበር።

«ሐኪሙን አልጠየቅሽውም?»

«ምን ብዬ? መርገጫ አይቶ የሚያውቅም አይመስልም።»

ስለዚህ ባለቤቷ መርገጫውን ፈታልን፤ በአሮጌ አንሶላ ጠቅልለን፣ በየደረጃው እያረፍን፣ ወደ መጀመሪያው ሐኪም ወሰድነው። ሐኪሙ ሳቀ። እህቴ ግን አንሶላውን ጠቅልላ ከሥሩ አደረገችና እያወዛወዘች ረገጠችለት።

«ይህንንማ የሚሠራው ቁርጭምጭሚቱ ነው፤ በሁለቱም መንገድ አይጠፋም» አላት። «ቢጣበቅ የሚያጡት ወደ ጎን ማዘንበሉን ነው፤ ወጣ ገባ መንገድ ያስቸግርዎታል። እግርዎ ገና ስላልደረቀና ስለሚተጣጠፍ፣ እኔ አጥንቱን ቆርጬ መገጣጠሚያውን ባተርፍልዎ እመርጣለሁ። ትንሿ ብረት ብቻዋን አትበቃዎትም። የቱንም ቢመርጡ ግን ለሳምንታት መሬት አይረግጡበትም።»

ስንወጣ ጭራሽ ዞረብን። መርገጡ ለካ በሁለቱም አይቀርም ኖሯል!

«ታዲያ አሁን በምን ልለያቸው?» አለች።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት አጣብቁኝ ስትል፣ ማታ ቆርጣችሁ ግፉት ትላለች። ባለፈው ልጠይቃት ስሄድ የስፌት መኪናው ድምፅ እንግዳ ሆነብኝ። ወንበሯን ወደ ጎን ስባ በግራ እግሯ ትረግጣለች። መዘውሩ ወደ ኋላ እየዞረ ክሩን ይበጥስባታል።

«የትኛው ይሁን አልሽ?» አልኳት።

«እኔ እንጃ እትዬ። የትኛውም ቢሆን ይሄኛው እግሬ መልመድ አለበት» አለችና የክሩን ጫፍ በምራቋ አርጥባ እንደገና መርፌው ውስጥ አስገባች።