ያለ ፀጉር የወጣው ሳህን

ሚስቴ ሱንዎል ለመንደራችን ሙታን ታዜም ነበር፤ መንደሩም ያበላን ነበር። በጂንዶ ደሴት እንደ እሷ ያለችውን ሴት ታንጎል ይሏታል። በሙቀቱ ወራት ገብስ፣ ቅጠል ሲረግፍ ሩዝ ከየቤቱ እንለቅማለን። እርሻችን የሰው ሐዘን ነው። እኔ ከበሮ መቺዋ ነኝ።

ቢያበሉንም አያከብሩንም። የወተት ጥርሱ ያልወለቀ ልጅ፣ «አንቺ ታንጎል፣ ድመታችን ጠፍታለች፣ እስቲ ጥሪልን» ይላታል።

እሷም ጎንበስ ብላ፣ «ጌታው፣ ካልሞተች እኔን አትሰማኝም» ትለዋለች።

በዚያ ፀደይ የመንደሩ ሹም ልጅ፣ ኪሁን፣ ዓሣ ሊያጠምድ እንደወጣ ጀልባዋ ብቻዋን ተመለሰች። ሹሙ አስጠራንና ከበረንዳው ላይ ሆኖ፣ «ነገ ነፍሱን ከባሕር ታወጪዋለሽ። እናቱ አልቅሳ ይውጣላት» አላት።

ሥራው እንዲህ ነው። ሩዝ የሞላ የነሐስ ሳህን በነጭ ጨርቅ ታስሮ፣ በገመድ ባሕር ውስጥ ይጣላል። ተጎትቶ ሲፈታ ሩዙ ላይ አንዲት ፀጉር ትገኛለች፤ የሟቹ ናት። በዕድሜዬ ያለ ፀጉር የወጣ ሳህን አላየሁም። ከየት እንደምትመጣም ሚስቴን ጠይቄያት አላውቅም፤ የማውቅ ይመስለኝ ነበርና።

መንደሩ ሁሉ ባሕሩ ዳር ተሰበሰበ። ከበሮዬን መታሁ፤ እሷም አዜመች፦

ባሕር አልጋ አይሆን፣ ማዕበል አይለበስ፣
ገመዱን ያዝና ና ወደ ቤት ተመለስ።

ገመዱን ሳበች፣ ጨርቁን ፈታች። ሩዙ እንደ ተሞላ ነጭ ነው፤ ፀጉር የለበትም። ቀና ብላ አየችኝ። እንደገና ጣለች፤ እንደገና ነጭ። አሁንም አየችኝ። ከዚያ ተነሥታ፣ «ጌታዬ፣ ልጅዎ እዚህ ባሕር ውስጥ የሉም» አለች።

እጄ አየር ላይ ቀረ። የሹሙ ፊት አመድ መሰለ።

«ጀልባዋን አላየሽም?»

«አይቻለሁ። ገመዱ ግን ቀለለኝ።»

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ መንደር አንዲት ፍሬ አትቀምሺም።»

ወደ ቤት ስንመለስ፣ «አንቺ ሴት፣ ምን ነካሽ? እንደ ሁልጊዜው ከራስሽ አንዲት ፀጉር ብትነቅዪ ምን ነበረበት?» አልኳት።

ቆመች። «እንደ ሁልጊዜው? እኔ ነቅዬ አላውቅም። አንተ የምትጨምር ይመስለኝ ነበር። ሁለቴ ያየሁህም ለዚያ ነው።»

«የኔ እጅ መቼ ከከበሮው ተነሥቶ ያውቃል?»

መንገድ መሐል ተያየን። ያ ሁሉ ዘመን፣ ያ ሁሉ ሳህን።

ገብስ ሲታጨድ ጆንያችንን ይዘን አልወጣንም። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ የኪሁን እናት ገብስ በራሷ ላይ ተሸክማ መጣች። የዚያ ቤት ሰው የእኛን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ጎረቤቱ ሁሉ በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ ቀረ።

«በእውነት የለም?» አለቻት።

«የሉም፣ እመቤቴ» አለች ሱንዎል።

«እንግዲያ ሲመጣ የሚበላውን ሩዝ እንዳይቀዘቅዝ በሞቀው ወለል ላይ፣ በብርድ ልብስ ሸፍኜ አቆይለታለሁ። አንቺም ይህን ገብስ ብዪ። ሲቆይብኝ ግን ከባሕር ልፈልገው እንዳትዪኝ።»

ኪሁን እስከ ዛሬ አልመጣም። ገብሱ በየዓመቱ ይመጣል፤ ሰው ሲሰጥምም መልሰው ይጠሩናል። እኔ ግን ሳህን ከባሕር በወጣ ቁጥር፣ ጨርቁ ሲፈታ ዓይኔን እጨፍናለሁ።