ኪሮስ የት አደረ

ልጄ ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቿ ጋር ላሊበላን ልታይ ተነሥታ፣ ትናንት ስልኳን እያየች ከቦሌ ላሊበላ አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም ስትለኝ፣ እኔ በሆዴ የቆጠርኩት ሰዓቱን ሳይሆን ማደሪያውን ነበር።

በንጉሡ ዘመን፣ ሰቆጣ ሳለን፣ የአገር ርቀት የሚለካው በማደሪያ ነው። አባቴ ቄስ ነበሩና ለቤተ ክህነት ጉዳይ አዲስ አበባ ሲሄዱ፣ እናቴ ማታ ማታ እራት ቀርቦ ሳይቆረስ ዛሬ ኮረም ያድራሉ ትለናለች፤ ከዚያ ወልድያ፣ ከዚያ ደሴ፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን። እኛም የሚያድሩበትን ስፍራ ጠርተን በሰላም ያሳድርልን ሳንል እጃችንን ወደ ገበታው አንሰድም። የእናቴ እግር ከሰቆጣ ርቆ አያውቅም፤ አገሩን ያጠናችው በአባቴ እንቅልፍ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ኪሮስ ለትምህርት ተመርጦ ከላሊበላ በአውሮፕላን እንዲሄድ ሲወሰን ግን ሒሳቧ ተፋለሰ። መምህሩ በረራው አንድ ሰዓት ተኩል ነው ቢሏት፣ ከቅዳሴ ያነሰ መንገድ ምን መንገድ ነው ብላ አላመነችም፤ እስከ ላሊበላ ለእግሩ ሦስት ቀን፣ ለሰማዩ አራት ቀን ቆጥራ የሰባት ቀን በሶና ዳቦ ቆሎ አሸከመችው። ሰማይ ላይ ቢመሽበትስ ብላ ነው። ኪሮስ እያፈረ ከአጎታችን ጋር ወጣ። የመጀመሪያውን ማታ ጋዝጊብላ አለች፣ በማግስቱ ብልብላ፣ በሦስተኛው ላሊበላ። በአራተኛው አዲስ አበባ አለች። በአምስተኛውም አዲስ አበባ። ሳምንት ሳይሞላ መጥራቱን ተወችው።

ከዚያ ሌላ አመል አመጣች። ቅዳሴ ሳያልቅ የደረሰ ቅዳሴ ሳያልቅ ይመለሳል በሚል ስሌት፣ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደገባች የኪሮስን ድርሻ ለይታ ታስቀምጣለች። ልጆቻቸው በእግር የራቁባቸው ጎረቤቶቻችን ፋሲካን ብቻ ሲጠብቁ፣ የእኔ እናት መንገዱ አጥሮባት በየሳምንቱ ጠበቀች። ደብዳቤውን የማነብላት እኔ ነኝ፤ በጋ ፈተና አለበት፣ ክረምት ደግሞ የላሊበላው ሜዳ ጨቅይቶ አውሮፕላን አያርፍም። ሰምታ ስታበቃ ድርሻውን ለእኔ ትሰጠኛለች። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የወንድሜን መቅረት እየበላሁ ወፈርኩ።

በስድስተኛው ዓመት ፂም አብቅሎ መጣ። እናቴ ፊቱን ዳብሳ፣ ስማ ስትጨርስ አጠገቧ አስቀመጠችው።

«በእግርህ ሂደህ ቢሆን ልጄ፣ መንገዱን እወቅሰው ነበር» አለችው።

ኪሮስ አቀርቅሮ አለቀሰ። እኔም ያኔ ፈረድኩበት።

ዓመት ሳይዞር እናቴ አረፈች፤ ወንድሜ ለአርባዋ ደረሰ። ዛሬ አልፈርድበትም። እኔ ራሴ አዲስ አበባ ከገባሁ ይኸው አርጅቻለሁ፣ መቃብሯን ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ለምን እንደቀረሁ ስጠየቅ አንድ ነገር ላሳብብ እሞክርና አጣለሁ፤ መኪናውም አለ፣ አውሮፕላኑም አለ፣ መንገዱም ደህና ነው።